ለለቅሶ የተዘጉ መስኮቶች

ሸዋንዳኝ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያልተለካ ነገር የለም። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ካርታው ሲወሰድበት ግድግዳ መለካት ይጀምራል መሰለኝ። ሜትሩ ኪሱ ውስጥ፣ እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። እኔ ከጤና ጣቢያ እግሬን እየጎተትኩ ስገባ በሩ ላይ ይጠብቀኝና ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ "አገኘሽ፣ እስቲ ይቺን ጫፍ ያዥልኝ" ይላል። እይዝለታለሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ደክሞኛል ስለው "ጫፍ መያዝ ምን ያደክማል" ባይ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መርፌ መውጋት ምን እንደሆነ የት ያውቃል።

የሰሞኑ ልኬት ግን የቀልድ አልነበረም። አንድያ ልጃችን ኑኃሚን ልትመጣ ነው። አዲስ አበባ ተምራ ከጨረሰች በኋላ እዚያው ሥራ ስትፈልግ ቆየች፣ ቆየችና ሰለቻት። አንድ ቀን ደወለች። "እመጣለሁ እማዬ" አለች። "ግን እንደ ልጅነቴ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቼ አልተኛም። በር ያለው ክፍል ካለኝ ከእናንተ ጋር እቀመጣለሁ። ከሌለኝ ሐዋሳ ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ፤ እሷ ቦታ አላት።" ተቆጥታ አይደለም፤ ድምጿ ዝሎ ነበር። እኔ የዛለ ድምፅ አውቃለሁ፤ የራሴም እንደዚያው ነው።

ሸዋንዳኝ ስልኩን ከእጄ ተቀበለና "በር ይኖርሻል" አላት። 

ቤታችን አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነው። ሴቻ ሰፈር፣ ከዳገቱ ጫፍ ስለሆነ፣ በሳሎኑ መስኮት አባያ ሐይቅ ይታያል። ሸዋንዳኝ ሳሎኑን በኤምዲኤፍ ለሁለት ሊከፍለው ወሰነ። የሐይቁን መስኮት ለእሷ ሰጠ፤ ለእኛ የመንገዱ ቀረልን። ኤምዲኤፍ ያው በየፈርኒቸር ቤቱ የሚሸጠው፣ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራው ሰሌዳ ነው። አናጺ እንጥራ አልኩት። "አናጺው ጠርዙን ይሸራርፈዋል፤ የልጄን ክፍል እኔ እሠራለሁ" አለኝ። ከአንድ የድሮ ተማሪው በእጅ የሚያዝ ባለ ዲስክ መጋዝ ማሽን ተዋሰ፣ ሰሌዳዎቹን በጋሪ አስመጣ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ተተክሎ ቪዲዮ ሲያይ ከረመ።

ማታ ማታ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ስቀመጥ ትምህርቱን ይጀምርልኛል። መምህር ተማሪ ካላገኘ ሚስቱን ያስተምራል።

"የሚታየው ፊት ወደ ታች ነው የሚተኛው" ይላል። "የዚህ ማሽን ጥርስ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነክሰው፤ የሚሸራረፈው የላይኛው ፊት ነው። ዲስኩ ጥርሱ የበዛና የደቀቀ መሆን አለበት። መስመሩ ላይ ፕላስተር ትለጥፊያለሽ፣ በላዩ ላይ በቢላ ትጭሪዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ ነው መጋዙ።"

"እሺ" እለዋለሁ።

"ሰሌዳው ደግሞ በአየር ላይ አይንጠለጠልም። ከሥሩ ጣውላ ካልተነጠፈለት መሃሉ ይጎብጥና ዲስኩን ይይዘዋል። ዲስክ ሲያዝ ማሽኑ ወደ ሰው ይዘላል። ስለዚህ ከኋላው አይቆሙም፤ ወደ ጎን ፈንጠር ነው። ዲስክ ሲቀየር መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል።"

"ብናኙስ?" አልኩት አንድ ምሽት። ኑኃሚን አስም አለባት። ልጅ ሳለች ደረቷ ሲያፏጭ ጭኔ ላይ አስደግፌያት ያደርኩት ሌሊት ብዙ ነው። ከዚያ ፊሽካ ሌላ በዓለም ላይ የምፈራው ነገር የለም።

ጥያቄውን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ፈገግ አለ። "ይሄንንማ ለእኔ ተይው። ጓሮ ነው የምቆርጠው። ቀን ላይ የብሱ ሲግል ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። ይሄን ፈተና ላይ ጠይቄ ስንት ልጅ ነው ያለፈው፣ የወደቀው። ከሰዓት በኋላ ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ እቆማለሁ፤ ነፋሱ ብናኙን ጓሯችን ጫፍ ወዳለው ሙዝ ይወስደዋል። ቤት ውስጥ አንዲት ቅንጣት አትገባም።" ደስ አለኝ። አንዳንዴ ይሄ ሰው ያስባል አልኩ።

ልጅቷ ቅዳሜ ልትገባ፣ እሱ ዓርብ ከሰዓት ሊቆርጥ ተሰናዳ። ዓርብ ጠዋት የጎረቤታችን የኦይታ እናት አረፉ።

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት እያለ ማሽን አይነሳም። የትም የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ግን ሬዲዮ ጮክ አድርጎ የሚከፍት እንኳ የለም። ማዕዘኑ ላይ ያለው እንጨት ቤት ወዲያው ዘግቶ ሰዎቹ ድንኳን ሊተክሉ ሄዱ። ከጨንቻ በመኪና፣ ከላንቴ በባጃጅ፣ ዘመድ ሲጎርፍ ዋለ። እኛም ቀበርን፣ ተቀመጥን፣ ንፍሮ በላን። በኦይታና በእኛ ግቢ መካከል ያለው አጥር ከደረት አያልፍም፤ እሱ ግቢ ሲያስነጥሱ እኛ ግቢ ይማርህ እንላለን። ኦይታ ሸዋንዳኝ ያስተማረው ልጅ ነው፤ ዛሬ እሱም ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል፣ አሁንም "መምህር" እያለ ከመቀመጫው ይነሳለታል።

ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። ሸዋንዳኝ ሻዩን ሳይነካ ሰሌዳዎቹን ያያል።

"ይቆይ" አልኩት። "ልጅቷ ጥቂት ቀን ፍራሽ ላይ ብትተኛ አትሞትም።"

"በር ይኖርሻል ብያታለሁ።"

"ሰው ሞቶ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ ሰው እንደሞተ። ጓሮ አልቆርጥም።" መስኮቶቹን አየና፣ "ውስጥ ብቆርጠውስ?" አለ። "መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ፣ ክፍተቱን በብርድ ልብስ ብወትፈው ድምፁ አይወጣም።"

እግሬ ገና ጠዋት ላይ እያመመኝ ነበር። አርፍጄያለሁ። ከጤና ጣቢያ ካመጣሁት ማስክ ሁለት ሰጠሁት። "ብቻ ድምፁ ለቅሶ ቤት እንዳይሰማ" ብዬው ወጣሁ። ድምፅ፣ ድምፅ ስንል ብናኝ የሚለው ቃል ከሁለታችንም አፍ ሳይወጣ ቀረ።

ከሰዓት ስመለስ በድንኳኑ በኩል አለፍኩ። ፀጥ ብሏል። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። አንዲት የማሽን ድምፅ የለም። ሰውዬው ተሳካለት ብዬ የቤቴን በር ከፈትኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ቆሟል። ደግሞ እንዴት ቆሟል። ጠርዙ አንድ ቦታ እንኳ አልተጫረም፤ ሳሙና በክር ሲቆርጡት እንደሚወጣው ነው የወጣው። ከዚያ የቀረውን አየሁ። መጋረጃው ቡና ዓይነት ዱቄት ለብሷል። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የተደረደሩት ብርጭቆዎች፣ ለኑኃሚን የገዛነው አዲስ ፍራሽ፣ ሁሉም። አየሩ ራሱ ቆሟል፤ በበሩ የገባው ብርሃን ውስጥ ብናኙ እንደ ጭስ ይዞራል። ሸዋንዳኝ መሃል ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነው። ማስኩ አገጩ ሥር ወርዷል።

"ድምፅ ወጣ?" አለኝ።

"አልወጣም።"

"እኔም ብያለሁ።" ደስ ብሎታል። "መብራት ባይጠፋ ኖሮ በሩንም ጨርሼው ነበር። በሩ ብቻ ነው የቀረው።"

"ማስኩን ለምን አወረድከው?"

"መነጽሬን በእንፋሎት እየሸፈነ መስመሩን አላሳይ አለኝ። በጭፍን ልቁረጥ?"

አስነጠሰኝ። ደግሜ አስነጠሰኝ። ከዚያ ፍራሹን በጣቴ ጠረግ አድርጌ ጣቴን አሳየሁት። ሰውዬው ጣቴን አየ፣ ፍራሹን አየ፣ የተወተፈውን መስኮት አየ። ያን ሁሉ ዘመን ስለ ነፋስ ያስተማረ ሰው ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከበርጩማው ተነስቶ ብርድ ልብሱን መንቀል ጀመረ። አሳዘነኝ፤ አናደደኝም። በሁለቱ መካከል ደግሞ እንቅልፌ መጣ።

መጥረጊያ ሲያነሳ ነጠቅኩት። ይሄ ብናኝ በደረቅ መጥረጊያ ከተነካ መልሶ ይነሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው እየለቀሙ ማውጣት። ሁለታችንም ባልዲ ይዘን ተንበረከክን። ገና ግማሹን ሳንጨርስ ባጃጅ ደጃፋችን ቆመ።

ኑኃሚን ከስታለች። ሻንጣዋን በሩ ላይ ጥላ ግድግዳውን አየችና ፊቷ በራ። እጄን ዘርግቼ "ቆይ፣ ውጪ ቆይ" ብላትም አልሰማችኝም። ገባች። መዳፏን ጠርዙ ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬደችው። "አባዬ፣ ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?" አለች። ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ሳለች። ደግማ ሳለች። ከዚያ ያ የማውቀው ፊሽካ መጣ።

በአፏ የምትስበውን የአስም መድኃኒት ከቦርሳዋ አውጥቼ ሰጥቻት፣ ደግፌ ወደ ግቢው አወጣኋት። የኦይታ ሚስት ሩሐማ በአጥሩ በላይ አይታን ሮጣ መጣች። "ወደኛ፣ ወደኛ ይዘሻት ነይ ሲስተር" አለችኝ። ወሰድናት። ልጄ በስንት ጊዜዋ አገሯ ገብታ የመጀመሪያ ሌሊቷን ለቅሶ ቤት፣ ከጨንቻ በመጡ አልቃሾች መሃል፣ ፍራሽ ላይ አደረች። ፍራሽ ላይ አልተኛም ያለችው ልጅ።

እሁድ ጠዋት ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንፋሿ ረግቷል።

"እማዬ፣ እንዳትቀየሙኝ" አለችኝ። "ጓደኛዬ ጋ ደውያለሁ። ነገ ጠዋት ሐዋሳ እሄዳለሁ። ክፍሉ በጣም ያምራል። አባዬ ለእኔ ብሎ እንደደከመ አይቻለሁ። ግን ሰው ቤት መጥቼ ማፈን፣ እናንተን ማስጨነቅ... ሰልችቶኛል።"

"ሰው ቤት" ያለችው ቤታችንን ነው። ሆድ ባሰኝ። ብርድ ልብሷን አስተካክዬላት ተነሳሁ።

ግቢያችን ስመለስ ኦይታ ከሸዋንዳኝ ጋር ቆሟል። ጋቢውን እንደለበሰ ነው፣ ዓይኑ አብጧል። ሸዋንዳኝ ከነጋ ጀምሮ ግድግዳና ጣሪያ ሲያጥብ ነበር፤ መጋረጃውና ፍራሹ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ መስኮቱ ሁሉ ተበርግዷል። ኦይታ የተወተፈውን ብርድ ልብስ መሬት ላይ አይቶ ጠይቆት፣ ነግሮታል።

"ለኛ ብለው ነው የዘጉት መምህር?" አለ።

"ለእናትህ ክብር ነው። ማሽን ላስጮህ ነበር?"

ኦይታ ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱን አነሳ። የእሱ አማርኛ ከጋሞኛው ጋር እየተጋፋ ነው የሚወጣው፣ ሲያዝን ደግሞ ይብስበታል። "እናቴ ጨንቻ ነው ያደገው" አለ። "አባቱ ሸማኔ፣ ባሉም ሸማኔ። በመወርወሪያ ድምፅ ተኝቶ በመወርወሪያ ድምፅ ነው የሚነሳ። እዚህ ሲመጣ 'ቤትህ ለምን ዝም ይላል' ብሎ ይቆጣኝ ነበር። እናቴ ድምፅ አይጠላም መምህር። እኛ የከለከልነው ጭፈራ ነው። የልጅ በር መሥራት ጭፈራ ነው?"

"ሰው ምን ይላል ኦይታ።"

"ሰው እኔ ነኝ። ለቅሶው የኔ ነው።"

ይህን ብሎ ለበሩ የተለካውን ሰሌዳ ከግድግዳው ላይ አንስቶ ተሸከመ፣ ማሽኑንም በእጁ አንጠለጠለ። ሸዋንዳኝ "ተው፣ ተው" እያለ ከኋላ ከኋላው ሄደ። እኔም ሄድኩ።

መብራት ተመልሶ ነበር። ኦይታ የድንኳኑን አምፖል ገመድ ከሶኬት ነቅሎ ማሽኑን ሰካው። ወንዶቹ ካርታቸውን ትተው ተነሱ፣ የድንኳኑን አግዳሚ ወንበሮች ከሰሌዳው ሥር አስገቡለት፤ ቡና የሚቀዱት ሴቶች ጀበናውን አርቀው ሸፈኑት። ሸዋንዳኝ ግን አልጀመረም። ቆሞ ጠበቀ። ሰዉ ግራ ገብቶት ያየዋል። ከቀትር ወዲያ፣ የምን መጠበቅ ነው ልል ስል ከታች ከሐይቁ በኩል ነፋሱ መጣ፣ የድንኳኑ ሸራ ተንቀሳቀሰ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። "ኑኃሚን፣ ከኋላዬ ነይ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል" አለ። መጣች፣ ራቅ ብላ ከኋላው ቆመች። ማስኩን እስከ አፍንጫው ሳበ። መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝና "መስመሩን አንቺ እይልኝ" አለኝ።

ማሽኑ ጮኸ። ብናኙ ከዲስኩ ሥር ወጥቶ፣ አጥራችንን ተሻግሮ፣ በቀጥታ ወደ ሙዙ ሄደ። እኔ "ቀኝ፣ ትንሽ ቀኝ፣ ደህና ነው" እላለሁ፤ ኦይታና አንድ የላንቴ ሰው ዳርና ዳር ይዘዋል። አልቆ ማሽኑ ጠፋ። የሟች እህት ናቸው የተባሉ አሮጊት ከድንኳኑ አንገታቸውን አውጥተው "ይቺን ነው እንዴ የፈራችሁት?" አሉ። ሰዉ ሳቀ፣ ለቅሶ መሆኑን አስታውሶ ዝም አለ።

አመሻሽ ላይ በሩ በማጠፊያው ቆመ። ፍራሹ አልጋዋ ላይ ተነጥፏል፣ ቤቱ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ብቻ ነው ያለው። ኑኃሚንን ጠራናት። ደፍ ላይ ቆማ አየሩን አሸተተች፣ ቀስ ብላ ገባች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ሳይፋተግ፣ ሳይንጠለጠል፣ ቀጭ ብሎ ዘጋ።

እኔና ሸዋንዳኝ ውጭ ቀረን። ልጃችን በር ዘጋችብን ብለን ደስ ብሎን ቆምን። ለአንድ ሌሊት ነው፤ ነገ ሐዋሳ ናት። ቢሆንም ደስ አለን። እሱ ቀስ ብሎ ሄደና ጆሮውን ሰሌዳው ላይ አደረገ።

"ምን ታደርጋለህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ትንፋሿን ልስማ።"

ቆየ። እኔም ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰውነቴ ድቅቅ ብሏል።

"አባዬ" አለች ኑኃሚን ከውስጥ።

"እ? ያፍንሻል?"

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ ምን ልሁንልሽ?"

"አይደለም። የሚያፏጨው አንተ ነህ? እዚህ ድረስ ይሰማኛል።"

ዓይኔን ገለጥኩ። ከዚያ ሰማሁት። ቀጭን ነው፣ ከደረቱ ሥር የሚመጣ፣ ሲያስወጣ የሚረዝም። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ደረት ሳዳምጥ የኖርኩ፣ አገር ሁሉ ሲስተር የሚለኝ፣ ከትናንት ጀምሮ አብሬው ተንበርክኬ ቤት ሳጥብ፣ አጠገቡ ስተኛ፣ የባሌን ደረት አልሰማሁም። መስኮት በተወተፈ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ሰዓት ያለ ማስክ የተቀመጠው እሱ መሆኑን አላሰብኩም። ልጄን ብቻ ነበር የምሰማው።

በሩ ተከፈተ። ኑኃሚን አባቷን ክንዱን ይዛ አስገባችው፣ አልጋዋ ላይ አስቀመጠችው፣ ትራሷን ከጀርባው አደረገችለት። ልጅ ሳለች እኔ ጭኔ ላይ አስደግፌ አደርግላት እንደነበረው ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል አደረገችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቀላል ነው ልጄ። ከትናንት።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"አንቺ ታፍነሽ እኔ ምን እላለሁ።" ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገና፣ "በሩስ? ይገጥማል?" አላት።

"ይገጥማል።" ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ግን ድምጿ እንደ ጠዋቱ የዛለ አልነበረም፤ ነቅቷል። ወደ እኔ ዞረች። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አድርጌ አዳመጥኩት፤ ለዛሬ እንደማያሰጋ፣ ነገ ግን መታየት እንዳለበት ነገርኳት።

"ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እኔ እወስደዋለሁ" አለች። "አንቺ ሥራሽ ግቢ። ከዚያም ክትትል ካለው እኔ አለሁ።"

"ነገ እኮ ሐዋሳ ልትሄጂ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችና የሐይቁን መስኮት ከፈተችለት።